እንግዳ ምግብ ሲቀርብ ማን ቀድሞ ይቅመስ?

በየመርካዝ ቅሊጣው የምትኖሩ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች በዓመት ውስጥ ጥቂት ጊዜ በአውቶቡስ ተሳፍራችሁ አገር ለማየት ትወጣላችሁ። ኢየሩሳሌምን፣ ኪነሬትን፣ ዓኮን ትጎበኛላችሁ። አስጎብኚው ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ግንቡ፣ ስለ ንጉሡና ስለ ጦርነቱ በማይክሮፎን ይናገራል፤ አስተርጓሚውም የቻለውን ያህል ይተረጉማል። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ማይክሮፎኑ ይዘጋል። ሳህን ይቀርባል። በሳህኑ ላይ ያለው ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ማን ወደዚህ አገር እንዳመጣው የሚናገር ሰው የለም። እንደ እኔ አመለካከት ከጉዞው ሁሉ ትልቁ ትምህርት ባክኖ የሚቀረው በዚያ ሰዓት ነው።

በማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛነቴ ከብዙ ቤተሰቦች ጋር እንዲህ ባለ ቲዩል ላይ ወጥቻለሁ። የማየው ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። ልጆቹ ፒታቸውን ይዘው ይሮጣሉ። እናቶች ከቦርሳቸው ቆሎና ዳቦ አውጥተው ከዛፍ ጥላ ሥር ፈንጠር ብለው ይቀመጣሉ። አባቶች ከንጋት ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ "ጠግቤአለሁ" ይላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ደፈር ብሎ ልጁን "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ በቀስታ ይጠይቃል፤ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅም ዞር ሳይል "ዝም ብለህ ብላው" ብሎ ይመልስለታል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ያ አባት በባንክ ቤት ልጁ አስተርጓሚው ነው። በኩፓት ሖሊም ልጁ ስለ አባቱ ሕመም ለሐኪሙ ይናገራል። በትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ላይ መምህሯ ስለ ልጁ ጥፋት የምትናገረውን የሚተረጉመው ጥፋተኛው ራሱ ነው፤ እንዴት አድርጎ እንደሚተረጉመው መገመት አያዳግትም። በአገራችን ዳቦውን ባርኮ የሚቆርስ፣ ለማን ምን እንደሚሰጥ የሚያውቅ ታላቅ ነበር። በማዕድ ላይ እንኳ ልጅ አዋቂ፣ አባት ጠያቂ ከሆነ ለአባትየው የቀረው የትኛው ቦታ ነው?

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። በጉዞ ላይ የሚገጥመንን እንግዳ ምግብ ወላጅ ቀድሞ ይጠይቅ፤ ያሽት፤ ይቅመስ፤ ከዚያ ለልጁ ያስረዳ። "ቋንቋውን ሳያውቅ፣ ምግቡን ሳያውቅ እንዴት አድርጎ ያስረዳል?" የሚለኝ ይኖራል። ያውቃል እንጂ! የዚህ አገር ምግብ አብዛኛው እኛ ከምናውቀው እህልና ቅመም የተሠራ ነው። የተለወጠው ስሙና አሠራሩ ነው።

ከሑሙስ እንጀምር። በየምግብ ቤቱ በሰፊ ሳህን ተለቅልቆ፣ ዘይት ፈስሶበት የሚቀርበው ወፍራም ነገር ሽምብራ ነው። ሽምብራው ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ይቀቀላል፣ ይደቃል፣ በጣሂና፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ይለወሳል። ፈላፌሉም ያው ሽምብራ ነው፤ ሳይቀቀል ተዘፍዝፎ ከድንብላልና ከከሙን ጋር ይፈጭና በዘይት ይጠበሳል። ሽምብራ ዘርቶ፣ አጭዶ፣ በእሸቱ በልቶ፣ ሽሮ አስፈጭቶ ያደገ ሰው ስለ ሽምብራ ከአስጎብኚው የሚያንስ ዕውቀት የለውም። ከሑሙሱ ጋር የሚቀርበው ፉል ደግሞ ባቄላ ነው። በሱዳን በኩል ያለፉት ወገኖቻችን ፉልን ከነስሙ ያውቁታል።

ስለ ጣሂና ግን ጥቂት ልቆይ። ጣሂና የተፈጨ ሰሊጥ ነው። ዘይቱ ሳይለይ ተፈጭቶ እንደ ማር ይፈስሳል፤ በውኃና በሎሚ ሲመቱት ይነጣል። በእስራኤል ውስጥ አንዳንድ ጣሂና አምራቾች ሰሊጣቸው ከሁመራ የመጣ መሆኑን እንደ ትልቅ ክብር ቆጥረው በዕቃው ላይ ሳይቀር ይጽፉታል። አዎን፣ ያችው በተከዜ ዳር፣ በሱዳን ወሰን ያለችው ሁመራ። ከደጋው ወደዚያ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ፣ ሐሩር የጠበሰው፣ ወባ ያንቀጠቀጠው አባት ዛሬ በዚህ አገር ምግብ ቤት ተቀምጦ ሰሊጡን "የማላውቀው ምግብ ነው" ብሎ ሲገፋው ሳይ ያሳዝነኛል። ለልጁ ሊነግረው የሚችለውን አስቡት። ሰሊጥ ፈጽሞ ሳይደርቅ እንደሚታጨድ፣ ነዶው ቆሞ እንደሚደርቅ፣ ጊዜው ካለፈ ፍሬው ከአገዳው ላይ ፈንድቶ መሬት እንደሚቀር፣ ይህን ሁሉ አስጎብኚው አያውቀውም። የልጁ መምህርም ላታውቀው ትችላለች።

አንድ ጊዜ ቤተሰቦችን ይዘን ወደ ሮሽ ሃዓይን ሄድን። ይህች ከተማ ከየመን የመጡ አይሁድ የሰፈሩባት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1950 ድረስ 49,000 የሚሆኑ የየመን አይሁድ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል መጡ፤ ብዙዎቹ አውሮፕላኑ ወደሚነሣበት ወደ ዓደን የደረሱት በእግራቸው ተጉዘው ነው። እዚህ ሲደርሱ የተቀበላቸው ድንኳን ነበር። ሮሽ ሃዓይን የተጀመረችው እንዲህ ባለው ሰፈር ነው። ይህን ለሽማግሌዎቻችን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ሁሉም ሳቭታ የሚሏቸው የየመን አሮጊት ቤት አስገብተውን ሦስት ነገር አቀረቡ። አንደኛው ላሑሕ ይባላል። ከስንዴ ሊጥ ይቦካል፣ በመጥበሻ ላይ በአንድ ወገን ብቻ ይጋገራል፣ ሳይገለበጥ ይወጣል፤ ላዩ ዓይን በዓይን ነው። ሁለተኛው ስሑግ ነው፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንብላል ተወቅጦ የሚሠራ፣ ከእኛ ዳጣ ጋር ወንድማማች የሆነ። ሦስተኛው በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አረፋ መስሎ ተቀመጠ። ማንም አልነካውም።

ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ኧረ ይህማ አብሽ ነው!" አሉ።

"ሒልቤ፣ ሒልቤ" አሉ ሳቭታ።

ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ አላስፈለገም ማለት ይቻላል። አንዷ በአማርኛ፣ ሌላዋ የየመን ቅላፄ ባለው ዕብራይስጥ፣ አብሹ ስንት ጊዜ ውኃው ተለውጦ መራራው እንደሚወጣ፣ ለአራስ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ለሆድ ምን እንደሚጠቅም በእጃቸው ሲያስረዱ ቆዩ። እናታችን ላሑሑንም መረመሩት፤ "ዓይኑ መልካም ነው፣ ግን አልኮመጠጠም" ብለው ፈረዱ። በአውቶቡሱ ውስጥ ለሁሉም ስትተረጉም የመጣችው የልጅ ልጃቸው መሀላቸው ቆማ፣ አንዴ ወደ አንዷ አንዴ ወደ ሌላዋ እያየች "እማማ፣ ምን ይላሉ? ንገሪኝ" ትል ነበር። በዚያ ቀን ብዙ ቦታ አየን፤ እኔ ያስታወስኩት ይህን ነው።

ሌላው ሰው የሚያስደነግጠው ነገር የወይራ ፍሬ ነው። ጨው ያለው፣ የሚመር፣ በሆቴሉ ቁርስ ላይ አረንጓዴና ጥቁር ሆኖ የሚቀርበው ፍሬ። እኛ ወይራን የምናውቀው በጭሱ ነው፤ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል። ፍሬው ይበላል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ የዱር ወይራችን ፍሬው ትንሽና ሥጋ የሌለው ነው። ሆኖም ኦሪት ምድሪቱን የምታመሰግንባቸውን ሰባቱን አዝርዕት፣ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ወይኑን፣ በለሱን፣ ሮማኑን፣ ወይራውንና ማሩን ቄሶቻችን ከልጅነት ጀምሮ በቃል ያውቋቸዋል። የዚህ አገር መምህራን ማሩ የተምር ማር ነው ይላሉ። እንግዲህ ወይራውን በጸሎት ሲጠሩት ኖረው በአፋቸው ያልቀመሱት ሽማግሌ በሰባ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀምሱት ፊታቸውን ቢያጨማድዱ የሚያስቅ ነገር የለበትም። መጀመሪያ በዘይቱ ቢጀመር ይሻላል እላለሁ፤ በትኩስ ዳቦ ላይ።

ሳብራ የሚሉት እሾሃማ ፍሬም የትግራይ ሰው በለስ የሚለው ነው። እዚህ አገር የተወለደ ሰው "ሳብራ ነኝ" እያለ ይኮራበታል፤ ተክሉ ራሱ ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ አዲስ ገቢ ነው። ይህንን ለጎረቤቶቻችሁ ንገሯቸው፤ ይስቃሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። "ቅመሱ" ስል "ማንም የሰጣችሁን ሁሉ ብሉ" ማለቴ አይደለም። አያቶቻችን የሌላ እጅ ያረደውን ሥጋ አይበሉም ነበር። በዚያ አገር ሰው የሚለየው በማዕዱ ነው፤ ምግብን አለመቀበል እምነትን መጠበቅ ነበር። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ በጉዞ ላይ ሳህኑን ሲመልሱ "ያፍራሉ"፣ "አልለመዱም"፣ አልፎ ተርፎም "ኋላ ቀር ናቸው" እያሉ የሚያሙ ሠራተኞች የሚያዩትን አያውቁም ማለት ነው። የሚያዩት ሕግ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሰንበት ትኩስ ምግብ ነው። ሰንበትን በእንግዳ ማረፊያ ያሳለፉ ቤተሰቦች ያውቁታል። ቅዳሜ ቀትር ላይ ከፕላታው ላይ እንፋሎት የሚወጣው ሐሚን ይቀርባል፤ አውሮፓ የነበሩት ቾሌንት ይሉታል። ሥጋው፣ ባቄላው፣ ድንቹ ሌሊቱን ሙሉ በእሳት ላይ አድሯል። በአገራችን ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ እሳት ይጠፋ ነበር። የሰንበቱ ዳቦ ዓርብ ይጋገራል፣ ሰንበትን የሚበላው ቀዝቃዛ ነው። አንድ አባት ያንን እንፋሎት አይተው "በሰንበት እሳት?" ብለው ከወንበራቸው ሲነሡ ምን እንደተሰማቸው እኔ ይገባኛል። ሊነገራቸው የሚገባው ይህ ነው፦ የዚህ አገር ረቢዎች እሳቱ ሰንበት ሳይገባ ከተለኮሰና ምግቡም አስቀድሞ ከተጣደ ትኩሱን መብላት ይፈቅዳሉ፤ እንዲያውም ሰንበትን ማክበር ነው ይላሉ። እኛ ያቆየነው ደግሞ የኦሪቱን ቃል እንዳለ መጠበቅን ነው፤ ቀራኢም የሚባሉት አይሁድም ለብዙ ዘመን በሰንበት እሳት አያቆዩም ነበር። ይህን ካወቁ በኋላ ቢበሉም ባይበሉም ሰውዬው የመረጡት በዕውቀት ይሆናል። ቀዝቃዛ ምግብ ለሚፈልግ ቀዝቃዛ ይቅረብለት። ይህ ለአንድ ማረፊያ ቤት ወጥ ቤት የሚከብድ ጥያቄ አይደለም።

የሚገርመው፣ ሰንበት ላይ ቀዝቃዛ የሚበላ ሌላም ቤተሰብ እዚህ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 እና በ1951 ከ120,000 በላይ የኢራቅ አይሁድ ወደ እስራኤል መጡ። ለሰንበት ጠዋት ዓርብ የተጠበሰ ባዚንጃንና ሌሊቱን ያደረ የተቀቀለ እንቁላል ይበሉ ነበር። ያንን በ1960ዎቹ ራማት ጋን ውስጥ በፒታ ከትተው መሸጥ ጀመሩ። ሳቢሕ ይባላል። ዛሬ በየመንገዱ የሚሸጥ የአገር ምግብ ሆኗል። ሥጋ የለበትም፤ ከባዚንጃኑና ከእንቁላሉ ሌላ ጣሂና፣ ሰላጣና ዓምባ የሚባል የማንጎ ኮምጣጣ መረቅ አለበት። ዓምባው ልብስ ላይ ከፈሰሰ አይለቅም፣ ተጠንቀቁ።

ለጉዞ የሚረዱ ጥቂት ቃላትም አሉ። በምግብ ቤቱ በር ወይም ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የካሽሩት ወረቀት፣ ተዑዳት ካሽሩት የሚሉትን፣ ፈልጉ። ካላያችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ የዚህ አገር ሰው ራሱ ይጠይቃል። "በሳሪ" ከተባለ የሥጋ ቤት ነው፤ "ሐላቪ" ከተባለ የወተት። "ፓርቬ" ማለት ሥጋም ወተትም የሌለበት ነው። "ሚማ ዜ ዓሱይ?" ማለት "ከምን የተሠራ ነው?" ማለት ነው። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር አባትና እናት ከኡልፓን የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ በቃላቸው ቢይዟት ልጁ ዞሮ ያያቸዋል። ካልፈለጋችሁም "ሎ፣ ቶዳ" ይበቃል። ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም።

ደግሞ እንግዳ የሆነው ምግብ ሁሉ መቅመስ የሚገባው አይደለም። በአውቶቡስ ላይ ለልጆች የሚታደለው ቀይ ሽሮፕ፣ ጨዋማው ቢስሊ፣ የቸኮሌት ቅባት የየመንም የኢራቅም ቅርስ አይደለም፤ የፋብሪካ ነው። የስኳር በሽታ በወገኖቻችን ዘንድ ወደዚህ አገር ሲመጡ እምብዛም ያልነበረ፣ ከመጡ በኋላ ግን በዓመታት ውስጥ እየበዛ የሄደ በሽታ መሆኑን ሐኪሞች በጥናት አረጋግጠዋል። እዚህ ላይ ወላጅ "አይሆንም" ቢል ትክክል ነው፤ ልጁ ቢያለቅስም።

ስለ እኛስ ምግብ? በእነዚህ ጉዞዎች ላይ ሌላ ነገር አያለሁ። እናት እንጀራ በላስቲክ ቋጥራ ትመጣለች፤ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ትልቋ ልጇ "እማ፣ እዚህ አትክፈቺው፣ ይሸታል ይላሉ" ትላታለች። ልጅቷ ክፉ ስለሆነች አይደለም። በትምህርት ቤት የተባለችውን ታውቃለች። በዚህ ነገር ግን ለልጆቻችን እሺ ማለት የለብንም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ለመጡት ቤተሰቦች ጤፍ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። እናቶች ነጭ የስንዴ ዱቄት አቡክተው፣ በመርካዝ ቅሊጣው ጠባብ ወጥ ቤት፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እንጀራ ጋገሩ፤ ጎረቤት ስለ ሽታው እያጉረመረመ ጋገሩ። እናንተ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 በጹር እስራኤል ዘመቻ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጣችሁ፣ ከዚያም ወዲህ የገባችሁ፣ እንጀራ በሱቅ ተዘጋጅቶ የምታገኙት እነዚያ እናቶች ስላላቋረጡት ነው። የየመኗ ሳቭታ ላሑሓቸውን ከሰው ፊት አልደበቁም፤ የኢራቁ ሰው ሳቢሑን አደባባይ አውጥቶ ሸጠው። እንጀራውን ክፈቱት፤ ለሾፌሩም፣ ለአስጎብኚውም ቁረሱላቸው፤ "ሚማ ዜ ዓሱይ?" ሲሏችሁ እናንተ መልሱ።

ጉዞ ለሚያዘጋጁ ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። የምሳው ዝርዝር ከመነሣታችሁ በፊት፣ በአማርኛ፣ ለአዋቂዎች ይነገር። በልጆች በኩል አይሁን። ከታሸገ ሳንድዊች ይልቅ በምትሄዱበት ከተማ የሚበላውን ምግብ ከአንድ የቤት እመቤት ወይም ከአንድ ትንሽ ምግብ ቤት ማዘዝ ብዙ ወጪ አያስወጣም። ከዚያ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሳይቸኩሉ እንዲያሸቱት ግማሽ ሰዓት ይጨመር።

ገና አውቶቡስ ያልደረሳችሁ ቤተሰቦች ደግሞ እስከዚያ የሚሆን አንድ ጉዞ አለ፤ ደረጃ መውረድ ብቻ ይበቃዋል። ፋሲካው ባለቀበት ማታ የሞሮኮ አይሁድ ሚሙና የሚባል በዓል ያከብራሉ። አዲስ ገቢዎች በሚኖሩባቸው ብዙ ከተሞች የሞሮኮ ጎረቤት አይጠፋም። ያን ማታ በራቸውን ከፍተው እንግዳ ይጠብቃሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ሙፍሌታ የሚሉት ስስ ቂጣ መሳይ ከቅቤና ከማር ጋር ይቀርባል። መጥሪያ አያስፈልግም። አባት ከፊት ይግባ፣ ልጆች ከኋላ ይከተሉ።